ገጼ የታገደበት ምክንያት

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፭ ቀን

ዛሬም አልተከፈተም። ጾመ ነቢያት ገባ። ከኪዳን መልስ ስልኩን አየሁት፤ ያው ቀይ ጽሑፍ ነው። ስልክ ጠጋኙ አቶ ደሳለኝ እንግሊዝኛውን አነበበልኝ። የቪዲዮ ገጼ ታግዷል፤ እስከ እሑድ ካልተመለሰ በውስጡ ካለው ሁሉ ጋር ይጠፋል።

ገጹ ቢጠፋ ግድ የለኝም ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። ግን ከገጹ የሚበልጥ ነገር አለ። መምህሬ የኔታ ኅሩይ በደብረ ወርቅ ሳያርፉ፣ ድምፃቸውም ሳይደክም፣ አርባ አንድ የዜማ ትምህርት በስልኬ ቀርጬላቸው ነበር። ሁሉንም በገጼ ላይ አኖርሁ፤ ስልኩ ሲሞላ ከስልኩ አጠፋሁ። እዚያ ያለ ነገር የት ይሄዳል ብዬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ብራና ሲገለብጥ የኖረ ሰው አንድ ቅጂ አስቀርቶ ሌላውን ያጠፋል? እኔ አጠፋሁ። ያ ድምፅ ከጠፋ የእርሳቸው የዜማ ስልት ከእኔና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይቀበራል።

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን አያይዤ ይግባኝ ብዬ ነበር፤ አልተቀበሉትም። የቀረኝ አንድ ይግባኝ ብቻ ነው። ደሳለኝ ይህ ከእርሱ ሙያ በላይ መሆኑን ነገረኝ። የምታውቅ ሴት አለች አለ፤ አማኑኤል ከተማ ልብስ ትሰፋለች፤ የእሷንም ዘግተውባት አስመልሳለች፤ ከዚያ ወዲህ የስንቱን አስመልሳለች።

ስሟን ሳይነግረኝ አወቅሁት። ዛሬ እዚህ ልጽፈው አልቻልሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፮ ቀን

ትርንጎ ትባላለች። እነሆ ጻፍሁት።

የአማትን ጭቅጭቅ፣ የገበያን ክርክር፣ የሠርግ ሽማግሌን ወግ እያስመሰለች የምታስቅ ሴት ናት። በጥቅምት ወር እኔ በገጼ ላይ ቀርቤ ነውር ነው አልሁ። ፊቷን አሳየሁ። የምትሰፋበትን ቤት በምልክት ተናገርሁ። «ይህችን ሴት ያየ ሁሉ ሪፖርት ያድርግ፤ በዚህ ዘመን ይህ እንደ ምጽዋት ይቆጠራል» አልሁ። ሠላሳ ሺህ ተከታይ ነበረኝ። በአራተኛው ቀን ገጿ ተዘጋ። እኔም በቀጥታ ስርጭት ቀርቤ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የእኔ ታገደ። ምቀኞች ናቸው አልሁ፤ በማኅበር ላይም ተናገርሁ። ሰዉ አመነኝ። «ስለ እውነት ተሰደዱ» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ፤ ትሕትና መሰላቸው።

ወደ እሷ ላለመሄድ የደረደርኋቸው ምክንያቶች፦ ጾም ነው። ጉልበቴን ያመኛል። የዜማ ቤቱ ተማሪዎች ያለ መምህር ይውላሉ። ሦስቱንም ለባለቤቴ ለአስናቀች ነገርኋት። ሽሮ እየነፋች ነበር፤ ወንፊቱን አላስቀመጠችም።

«እርስዎ ሲሸመግሉ አጥፊውን ድንጋይ አሸክመው ነው የሚያስገቡት» አለችኝ። «የራስዎ ጫንቃ ምን ሆነና ነው?»

ነገ እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን

በሚኒባሱ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው እጄን ሳመኝና ምቀኞቼን እግዚአብሔር እንዲያሳየኝ መረቀኝ። አሜን አልሁ። አማኑኤል እስክንደርስ ያ አሜን አፌ ውስጥ ነበር።

ከበሯ አጠገብ ድንጋይ አንሥቼ በጫንቃዬ አድርጌ ገባሁ። የስፌት መኪናዋን አቆመች። አልተነሣችም፤ አልጮኸችም።

«የኔታ፣ ያስቀምጡት፤ ወገብዎን ያምዎታል» አለች። «የሰደቡኝ በሠላሳ ሺህ ሰው ፊት ነው። ድንጋዩን የሚያይልዎት ግን እኔና ይቺ መኪና ብቻ ነን።»

አወረድሁት። የት እንደማኖረው ጠፋኝ፤ ለሙሽራ ከተዘጋጀው ጥበብ አጠገብ አስቀመጥሁት። እሷም ጥበቡን ፈቀቅ አደረገች። ወንበር ሰጠችኝና «ለእኔ ነው ወይስ ለገጽዎ የመጡት?» ብላ ጠየቀችኝ። ለመምህሬ ድምፅ ነው አልኋት። እውነት ነበር፤ ጥያቄዋን ግን አልመለሰም።

ስልኬን ተቀብላ አነበበች። የእገዳው ምክንያት በግልጽ ተጽፎ ነበር፦ ሕዝብን በአንድ ሰው ላይ ማነሣሣትና ማዋከብ። ከሥሩ የተጠቀሰው ቪዲዮ ስለ እሷ የተናገርሁበት ነው። «ምቀኛ አይፈልጉ» አለችኝ፤ «የከሰሰዎት የራስዎ ቪዲዮ ነው።»

የመጀመሪያው ይግባኝ ለምን እንደወደቀም አገኘችው። ገጹን ስከፍት የልደት ዘመኔን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ብዬ ሞልቼ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር። እነሱ የሚያነቡት በፈረንጅ ነው፤ በመታወቂያው ላይ ካለው የፈረንጅ ዘመን ጋር በስምንት ዓመት ይለያያል። «ሌላ ሰው መስለዋቸዋል፤ ምናልባት አባትዎ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ። ባሕረ ሐሳብ የማስተምረው እኔ ነኝ። ዘመን ቆጥሬ የማስቆጥረው እኔ ነኝ።

ይግባኙን ስትጽፍልኝ «ጠላቶቼ በሐሰት» ብዬ ጀመርሁ። ጣቷን ከስልኩ አነሣች። «ያደረጉትን ይናገሩ፣ ሁለተኛ አላደርግም ይበሉ፣ በቃ» አለች። ሁለት መስመር ሆነ። ድጓን ስማር እንደ እነዚያ ሁለት መስመሮች የከበደኝ ገጽ አላስታውስም። እኔ የበደልኋትን ከዚህ ርዳታ ጋር እንደማታያይዘውም ነገረችኝ። ብታያይዘው ይቀለኝ ነበር።

ልወጣ ስል እናቷ እማማ የሻረግ ከጓዳ ወጡ። አንጓጠው ይናገሩኛል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ። ቪዲዮውን ራሳቸው አላዩትም፤ ሰው ነው የነገራቸው። «የዚያች እናት» እያሉ ሲጠቋቆሙባቸው ከጽዋ ማኅበራቸው ቀርተዋል።

«የኔታ፣ ልጄ ምን አድርጋዎት ነው?» አሉኝ።

ሊሟገቱኝ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን

መልስ የለም። ከጠዋት እስከ ሠርክ ስልኩን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርሁም። አንድ ተማሪዬ መዝሙር ሲያደርስ ስቶ አለፈ፤ እኔም ሳላርመው አለፍሁ። ቀና ብሎ አየኝ።

ገጹ ቢመለስ ዳግም እንዳይታገድ ትርንጎ የመከረችኝን ከማስታወሴ ሳይጠፋ ልጻፈው፦

የሰው ፊት ያለ ፈቃዱ አለማሳየት። ስም፣ ሰፈር፣ ቤት አለመጥቀስ። ሪፖርት አድርጉ ብሎ ሕዝብ አለመላክ። የሌላ ሰው መዝሙር ሳያስፈቅዱ ከጀርባ አለማስገባት። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ በዕለቱ ማንበብ (ለእኔ ሁለት መጥተው ነበር፤ ማስታወቂያ መስለውኝ አጥፍቻቸዋለሁ)። የይለፍ ቃል የሚስት ስም አለማድረግ። የቀረጹትን ሁሉ ከገጹ ውጭ በሌላ ቦታም ማኖር።

ከሁሉ በላይ፣ ደንቡን ማንበብ። ገጹን የከፈትሁ ቀን «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሳላነብ ነው የነካሁት። ተማሪ ያላነበበውን አነበብሁ ቢለኝ ከጉባኤ አስነሣዋለሁ።

ደግሞም ከዝርዝሩ ግማሹ ሐሜት አትናገር፣ ባልንጀራህን አታዋርድ የሚል ነው። ይህን ለማወቅ የፈረንጅ ደንብ ያስፈልገኝ ነበር?

አሁን ወደ እማማ የሻረግ ጥያቄ ልመለስ። ትናንት መንገድ ሙሉ መልስ ፈለግሁለት። ስለ ሥነ ምግባር ነው ልላቸው ነበር። አይደለም። በመስከረም ትርንጎ አንድ ቪዲዮ ሠርታ ነበር፤ አንድ መምህር እየሳለ፣ መነጽሩን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ፣ ተማሪ ይቆጣል። ስም አልጠራችም። ነገር ግን ሳሉ የእኔ ነው፤ የመነጽሩ አጠራረግም የእኔ ነው። በዜማ ቤት ሳስል ተማሪዎቼ ሳቃቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ አየሁ። አንድ ወር ሙሉ ያንን ይዤ ኖርሁ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሴት ልጅ ጨዋነት የተናገርሁት። ለእውነት የቀናሁ መስሎ የታየው ሁሉ ሰው ስለሳቀብኝ የተደረገ ነው።

ይህን ለአስናቀችም አልነገርኋት። ሳይነግሯት የምታውቅ ሴት ናት፤ ግን አልነገርኋትም።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን

መልሱን ሳልጠብቅ ተመልሼ ሄድሁ። ከመጣ በኋላ ብሄድ ወይ ለምስጋና ወይ ለልመና ይሆናል ብዬ ነው። ትርንጎን የሰደብኋት በአደባባይ ስለሆነ ይቅርታውም በአደባባይ ይሁን አልኋት። የእኔ አደባባይ ተዘግቷል። የቀረው የእሷ ገጽ ነው፤ ነውር ነው ያልሁት።

ብዙ አሰበች። ደንበኛ መጣች፤ ልክ ወሰደች፤ ሸኘቻት፤ ከዚያ ስልኳን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አቆመች።

መጀመሪያ ስናገር ከሐዋርያት ጀምሬ በአባቶች በኩል መጣሁ። አቆመችው። «ይሄ ስብከት ነው፣ የኔታ። እርስዎ የት አሉበት?» አለችኝ። ሁለተኛ ጊዜ «የተቀየማችሁ ካላችሁ» አልሁ። ራሷን ነቀነቀች፤ ከጓዳ የእናቷ ሳቅ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ሦስተኛ ጊዜ ጥምጥሜን አስተካክዬ ያልሁት ይህ ነው፦

«ትርንጎ አልበደለችኝም። ስለሳቀችብኝ ተቆጥቼ ሰው አስነሣሁባት። እናቷንም አሳፈርሁ። ገጼ የተዘጋው በምቀኛ አይደለም፤ በዚህ ነው። ይቅር በሉኝ።»

መኪናዋ አጠገብ ቆማ እንባዋን ጠረገች ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልጠረገችም። «የቀረጻው ብርሃን ደህና ነው፤ ነገ ጠዋት እለቀዋለሁ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፳ ቀን

ለቀቀችው። ከቁርስ በፊት አገር ሁሉ አይቶታል። ደሳለኝ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርገው ቸገረው።

በሳቁብኝ ያፈርሁት ጥቂት ነው። ያሳፈሩኝ ተከታዮቼ የነበሩት ናቸው። አስገድዳቸው ነው አሉ። መድኃኒት አዙራባቸው ነው አሉ። አንዱ፣ እኔው በቀጥታ ስርጭት «ጀግና» ያልሁት ሰው፣ አሁንም ሪፖርት እናድርጋት ብሎ ጽፏል። እኔ ያነደድሁት እሳት እኔን አያውቀኝም።

የእኔ ገጽ ስለተዘጋ በአስናቀች ስልክ ስሜን እየጠቀስሁ ለእያንዳንዱ መልስ ጻፍሁ። ጣቴ ዝግተኛ ነው፤ ፊደሉም ትንሽ ነው። «ልጄ፣ ተው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ሌላውንም እንዲሁ። አስናቀች ምሳ አቅርባ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። ከሚሰድቡት አንዳንዶቹ ተዉ፤ አንድ ሁለቱ እኔንም ጨምረው ሰደቡ። ይህ ምን ያህል ቀን እንደሚወስድ አላውቅም፤ ያስነሣኋቸው ብዙ ናቸው።

ከቀትር በኋላ ትርንጎ ደወለች። የይግባኙ መልስ እሷ በሰጠችው አድራሻ መጥቷል። ማንነቴን ተቀብለዋል፤ ገጹ ግን አይመለስም፤ ውሳኔው የመጨረሻ ነው። ቆይታ፣ ረቡዕ ዕለት እኔ ሳላውቅ ሌላ ጥያቄ ጨምራ እንደነበር ነገረችኝ፦ ገጹ ባይመለስ እንኳ ባለቤቱ ያስገባውን ሁሉ ጠቅልለው እንዲሰጡት። እስከ ነገ ከላኩት ተገኘ፤ ካልላኩት ጠፋ። ቀድማ ያልነገረችኝ ባዶ ተስፋ እንዳይሆንብኝ ነው።

እኔ ስለ እሷ ይህን ያህል አስቤ አላውቅም።

እሑድ፣ ኅዳር ፳፩ ቀን

ኅዳር ጽዮን። ማኅሌት ቆሜ አደርሁ። ከቅዳሴ በኋላ በማኅበሩ ላይ ተነሥቼ ምቀኛ ያልሁት ውሸት መሆኑን ተናገርሁ። ብዙዎቹ ቪዲዮውን አይተውታል። የደብሩ አለቃ «ተቀመጡ፣ የኔታ» አሉኝ። በሌላ ጊዜ ቀድመው የሚለቁልኝን ቦታ ዛሬ ማንም አልለቀቀልኝም። ዳር ተቀመጥሁ። ተገቢ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ መልእክቱ ደረሰ። ደሳለኝ ሱቁን ለእኔ ሲል ከፈተ። የተላከው ሁሉ ስልኩ ላይ ሲወርድ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ፤ ሁለቱም ጊዜ የደሳለኝን ክንድ ያዝሁ። አርባ አንዱም አሉ። አንድ በአንድ ቆጠርናቸው። የመጀመሪያውን ከፈትነው፤ የኔታ ኅሩይ ጉሮሯቸውን አጽድተው «በል፣ ከኔ በኋላ» አሉ። ደሳለኝ ኮፍያውን አወለቀ። አርባ አንዱን ብቻ በሦስት ፍላሽ ገለበጥናቸው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የዜማ ቤቱ፣ አንዱ ትርንጎ ዘንድ ይቀመጣል። እንድታስቀምጥልኝ ስጠይቃት እሺ አለች። እናቷ የይቅርታውን ቪዲዮ አይተዋል፤ ምንም አላሉም።

የሚላከው ግን ተመርጦ አይደለም። ያስገባሁት ሁሉ ነው የመጣው። ከመምህሬ ትምህርት ሥር የጥቅምቱም ቪዲዮ አለ፤ ከሌላ ከማንም ዘንድ የጠፋ፣ አሁን በእኔ እጅ ብቻ ያለ።

ቤት ገብቼ እስከ መጨረሻው አየሁት። ስናገር እንጂ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ ያማረ ነው፤ ቃሉ የተሰካ ነው፤ ሳል የለበትም። አንድ ቦታ ላይ «የዚህችም እናት አለች» ብዬ እስቃለሁ። መሳቄን ረስቼው ነበር።

አስናቀች ከኋላዬ ቆማ አይታለች። «ያጠፉታል?» አለችኝ። አላውቅም አልኋት። ባጠፋው ለእኔ ይቀለኛል፤ ይህ ነው ያስጠረጠረኝ። ለዛሬ አላጠፋሁትም።