ሟችን «ማጀብ» ወደ «ማገዝ» ላሻሻሉልን ኃላፊ

ለተከበሩ ዶክተር ኤኬሃርት ፎስካምፕ፣
የሊንደንሮዴ ቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ አገልግሎት የበላይ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ማንም የማይረብሸው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽሑፎቻችሁን ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ የኖርኩት እኔ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ. ትርጉሜን «ማስዋብ የበዛበት» ብለው ሽረው ሥራውን ለኮምፒውተር ስለሰጡልኝ አመሰግናለሁ። ጀርመንኛው «የነፍስ እንክብካቤ» በሚለው፣ ፓስተሮቻችን ያዘነን በሚያጽናኑበት ክፍል በር ላይ አሁን በእንግሊዝኛ «የነፍስ ጭንቀት» ተብሎ ተለጥፏል። ሰዉ የራሱ ጭንቀት ይበቃኛል እያለ ከደጅ ይመለሳል፤ ፓስተሮቹም ዐርፈዋል።

፪ኛ. ይህኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። በጽኑ የታመመ ሰው ብቻውን እንዳይሞት አጠገቡ የሚቀመጡ በጎ ፈቃደኞች አሉን። ጀርመንኛው «ሟችን ማጀብ» ይለዋል። እርስዎ ያጸደቁት የእንግሊዝኛ በራሪ ወረቀት ግን «እንዲሞቱ እናግዝዎታለን» ይላል።

ይህችን ወረቀት ከህንድ ከመጣች ዓመት ያልሞላት ሊንሲ አነበበቻት። አባቷ አቶ ኩርያን አልጋ ላይ ነበሩ። የሰባ አንድ ዓመቷ በጎ ፈቃደኛችን ወይዘሮ ኢርምትራውት ኪሮሻቸውንና ክራቸውን ይዘው ቢያንኳኩ፣ «አባቴ የማንንም እገዛ አይፈልግም! ሂጂልኝ!» ብላ በሩን ጠረቀመችባቸው። ወይዘሮዋ እንግሊዝኛ አይሰሙምና «ምስኪን፣ ደክሟታል» ብለው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። በማግስቱም መጡ። ሊንሲ በበሩ ቀዳዳ እያየቻቸው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰች፣ ዓይኗን አልከደነች።

በሦስተኛው ቀን እኔ ተጠራሁ። በተዘጋው በር ፊት ቆሜ፣ «እኚህ ሴትዮ አይገድሉም፤ የአባትሽን እጅ ይዘው ይቀመጣሉ እንጂ» አልኳት።

ከበሩ ኋላ ሆና፣ «ታዲያ እንደዚያ ብላችሁ መጻፍ አቃታችሁ?» አለችኝ።

«ጽፌው ነበር» ማለት አፈርኩ።

በሩ ተከፈተ። ኢርምትራውት ገብተው የአዛውንቱን እጅ ያዙ፤ ሊንሲ ወንበር ላይ እንዳለች እንቅልፍ ጣላት። አቶ ኩርያን ከአራት ቀን በኋላ በግራና በቀኝ ተይዘው ዐረፉ። በፍርሃት ያለፉትን ሁለት ቀናት ግን የሚመልስላት የለም።

፫ኛ. ወረቀቱ ዛሬም ባማረ ቀለም ታትሞ በመግቢያችን ይታደላል። ጽናትዎ ያስቀናል።

ሳያነብ ለሚፈርመው ብዕርዎ ወደር የሌለው አክብሮት ያላት፣
ጊዜላ ኦስትኮተ
በክብር የተሰናበተች ተርጓሚ

ማስታወሻ፦ የእርስዎም ቀን ሲደርስ፣ እግዚአብሔር ያርቀውና፣ አገልግሎታችንን በጀርመንኛ እንዲጠይቁ በትሕትና እመክራለሁ። በእንግሊዝኛ ከጠየቁ ግን ለማገዝ የሚሰለፈው ሠራተኛ ብዙ ነው።