እንግዳው ሰባኪ ያላለው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እምቢ አልኩ። ደግሞም ደግ አደረግሁ።

ወንድም ዳንኤል፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ልብስ ስፌት ሱቄ ድረስ መጥቶ ነው። እሑድ የመከር ምስጋና ነው፤ እማማ አበራሽ መድረክ ወጥተው መመስከር ይፈልጋሉ አለኝ። እማማ አበራሽ አማቴ ናቸው። የሚናገሩት ቤንችኛ ብቻ ስለሆነ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል። አሁን የሚያስተረጉመውን ሰው አልፈልግም፣ አማቼ ካልሆነ ይቅር ብለዋል አሉ።

ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። ከፊቴ የነበረው አንድ ጠባብ ሱሪ ብቻ ነው፤ እሱም አይቶታል። "እንጸልይበታለን" ብሎ ወጣ። ይህችን ቃል እንዴት እንደምጠላት!

አሥራ አራት ዓመት ከሰባኪው በስተግራ ቆሜ አማርኛውን ወደ ቤንችኛ አስተርጉሜአለሁ። ሰባኪው ሲጮኽ እጮኻለሁ፣ ሲያለቅስ አለቅሳለሁ። ማርታ፣ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ፣ "አንተ ደግሞ ከሰባኪው ብሶ ያልብሃል" እያለች ትስቅብኝ ነበር። እሷን ከቀበርኩ ሁለት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አልረገጥኩም። የአማቴንም ደጅ።

ዛሬ ያናገርኳቸው ሰዎች፦ ወንድም ዳንኤል። የሱሪው ባለቤት። የሻይ ቤቷ ልጅ፤ "ያለ ስኳር" ብቻ ነው ያልኳት፣ እሷም ምንም አልመለሰችልኝም፣ ግን ቆጠርኳት። ሦስት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ከሸኮ መንገድ የመጡ ገበያተኞች በረንዳዬ ላይ ተጠልለው ዋሉ፤ ቡናችን በሰበሰ እያሉ ሰማዩን ይረግማሉ።

የመዘምራኑ ሴቶች ለእሑድ የሚለብሱትን ስምንት ቀሚስ ይዘው መጡ። ጠርዙ ተተርትሯል። ልመልሳቸው ነበር፣ ግን ኪራይ አለብኝ። እስክለካላቸው ድረስ ዝቅ አድርገው መዘመር ጀመሩ። የስፌት መኪናዬን መርገጫ ባዶውን ረገጥኩት፤ ድምፁ ይሸፍንልኝ ብዬ። አንዷ፣ እሑድ እናይሃለን ወይ አለችኝ። ልብሳችሁን ታያላችሁ አልኳት። ነገረኛ ሆኛለሁ።

ለምሳ ስዘጋ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ለመጸለይ ሞከርኩ። "ጌታ ሆይ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምንም። አሥራ አራት ዓመት የሌላውን ጸሎት ሳቀብል ኖሬ፣ የራሴን ስፈልግ አፌ ውስጥ የለም። እንደ ልማዴ፣ ከጎኔ ያለው ሰው እስኪናገር የምጠብቅ ይመስል ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ምን ወጣኝ? "ቃልህን አልጠበቅክም።"

ያልኩት ራሴን አስደነገጠኝ። የማንን ቃል ነው ያልጠበቀው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ማርታ ቤት ተኝታ ሳለች አንድ እንግዳ ሰባኪ ሊጸልይላት መጣ። እኔ በአልጋው ራስጌ፣ አማቴ በግርጌ። ሰውየው ረጋ ያለ ነበር። "ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ከሆነ አንሣት፤ ካልሆነም አትለየን" አለ። ይኸው ነው፣ ሌላ አላለም። እኔ ወደ አማቴ ዞሬ በቤንችኛ ምን አልኩ? "ጌታ ያነሣታል። ማርታ ትድናለች።"

"ፈቃድህ ከሆነ" የሚለውን ዋጥኩት። አማቴ እጃቸውን አንሥተው አሜን አሉ። ወጥተውም ልጄ ልትድን ነው ብለው ለጎረቤት ሁሉ ተናገሩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበርናት።

አማቴ የሚያምኑት ሰባኪውን አይደለም፤ እሱን የት ያውቁታል? የሚያውቁት የእኔን ድምፅ ነው። በዚያ ድምፅ ዋሸኋቸው። ከዚያ ደግሞ እግዚአብሔር ዋሸኝ ብዬ ሁለት ዓመት አኮረፍኩ። ተስፋውን የሰጠሁት እኔ፣ የምከሰው እሱን። ጉድ እኮ ነው።

ቀሚሶቹ አምስት ደርሰዋል። አንዱን ገልብጬ ሰፍቼው ተረተርኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሄድኩ። አንድ ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና፣ አንድ ዳቦ ይዤ። እስከ መገንጠያው በባጃጅ፣ ከዚያ በጭቃው በእግሬ። ሁለት ጊዜ ልመለስ ቆሜ ነበር።

እማማ አበራሽ በረቡዕ ዝናብ የራሰውን ቡና በማድረቂያው አልጋ ላይ እያገላበጡ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ቀና ብለው አዩኝና፣ መጣህ አሉ፣ ትናንት የተለየሁ ይመስል። ቁጭ ሳልል ሁሉንም አወጣሁት። ሰባኪው ያለውን፣ እኔ ያልኩትን፣ የዋጥኩትን። እጃቸው አላረፈም፤ ቡናውን ያገላብጣሉ።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "መናገሩ እንጂ መስማቱ መቼ አቃተኝ? ሚዛን ከተማ ገበያ ተቀምጬ ዝንጅብል ስሸጥ ገዢው የሚከራከረኝ በምን ቋንቋ ነው?"

ታዲያ ለምን አሜን አሉ አልኳቸው።

"ያን ሁሉ ዓመት የሰው ጸሎት ስትነግረኝ ኖርክ። የራስህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጸለይክ። እኔም አሜን አልኩ።"

ለጎረቤቱስ ለምን ተናገሩ ስላቸው፣ እናት አይደለሁም ወይ አሉ፣ እኔም ፈልጌ ነው። ከዚያ ቆጣ አሉ። "የቀበርኩት ልጄን ነው። አማቼን አልቀበርኩም። የት ነበርክ?"

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፤ እዚህ ልሸፍነው አልፈልግም። ሲበቃኝ፣ በዚያ በኩል ያለውን አገላብጥ አሉኝ። እስኪመሽ አገላበጥኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ቀሚሶቹ አለቁ። ሴቶቹ ሲወስዱ እሑድን አላነሡብኝም፤ እንዲያነሡ ፈልጌ ነበር።

ለወንድም ዳንኤል እመጣለሁ ብዬ መልእክት ጻፍኩና አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ።

የምፈራው፦ ድምፄ ቢዘጋብኝ። ሰዎች "ተመለሰ" ብለው ቢያጨበጭቡልኝ። ያ ማርታ የምትቀመጥበት ሦስተኛ ወንበር።

ለመድረክ የምለብሰውን ኮት አወጣሁ። አንድ ቁልፍ የለውም። የሰው ልብስ ስጠግን ኖሬ የራሴ ኮት ሁለት ዓመት ያለ ቁልፍ ተሰቅሏል። ተከልኩለት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማምለጥ ቢያምረኝ ብዬ። ሦስተኛው ወንበር ላይ የማላውቃት ሴት ከነልጇ ተቀምጣለች። አመመኝ።

ሰዉ ያመረተውን እየያዘ ወደ ፊት ወጣ፤ በቆሎ፣ ሙዝ፣ ማር፣ ጎደሬ። እማማ አበራሽ በትንሽ ቅርጫት ቀይ እሸት ቡና ይዘው ወጡና ወደ ኋላ ዞረው ዓይናቸውን ተከሉብኝ። ምን ላድርግ? ወጣሁ። በግራቸው ቆምኩ።

አጭር ነው የተናገሩት። "ይህን ቡና የተከለችው ልጄ ናት። ዘንድሮ ገና መስጠቱ ነው። ጌታ ሆይ፣ ልጄን አላስቀረህልኝም፤ ያማል። ቡናዋን አሳየኸኝ፤ አመሰግንሃለሁ።" ቃል በቃል አስተረጎምኩ። "ያማል" ላይ ማለስለስ አማረኝ፤ አላለሰለስኩትም።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ አሁን ያንተን አሉኝ።

ድምፅ ማጉያው እጄ ላይ ነው። ከጎኔ የሚናገር ሰው የለም። አንድ ሕፃን ሲያስነጥስ ተሰማ። "ጌታ ሆይ፣ ባላልከው ነገር ተቀይሜህ ነበር" አልኩ። "ፈቃድህ ከሆነ መልሰኝ።" በአማርኛ አልኩት፣ ከዚያ በቤንችኛ። ማንም አላጨበጨበም። እማማ አበራሽ ብቻቸውን አሜን አሉ።

አሁን ቤት ነኝ። ቤቱ ያው ነው፤ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። ደስታ ይወርድብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልወረደም። ማርታ ናፍቃኛለች። ማክሰኞ ቡናውን ለማስገባት አማቴ ዘንድ እሄዳለሁ።

ዛሬ ያናገርኳቸው፦ እማማ አበራሽ። ወንድም ዳንኤል። ከመዘምራኑ ሁለቱ። ሦስተኛው ወንበር ላይ የነበረችው ሴት። እግዚአብሔር። እሱ መልስ አልሰጠኝም። የሻይ ቤቷም ልጅ ባለፈው ማክሰኞ አልመለሰችልኝም፤ ቆጥሬያታለሁ።

ስድስት።