የአራሚዋ የዊልማ ኩቻር የመጨረሻ እርማት

እኔ የስቴፋን ኩቻር ልጅ ዊልማ፣ ዕድሜዬ ሰማንያ ሦስት፣ ነዋሪነቴ በኦሃዮ ግዛት በማርሎ ከተማ፣ ዛሬ ማክሰኞ ሜይ 14 ቀን 2024 በገዛ ቤቴ ተቀምጬ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ አልደከመም። የሚጠራጠር ካለ የፈለገውን ጋዜጣ ያምጣና ስህተቱን ከነመስመሩ ላሳየው። የምናገረውን የምትጽፈው ጠበቃዋ ወይዘሪት ፖሊን አሽቢ ናት፤ ቃሌን እንዳታሳምርብኝ አስጠንቅቄያታለሁ። አንደኛ ምስክሬ ሎይድ ቴንች ነው፤ እኔ አራሚ በነበርኩበት ጋዜጣ ሠላሳ ዓመት የማተሚያ ማሽን ያንቀሳቀሰ ሰው። ወደ ሁለተኛው ምስክር በኋላ እመለሳለሁ።

አንደኛ፤ ቤቴ ከነዕቃው ለልጄ ለዴኒስ ይሁን። ጣሪያው ያፈሳል፤ እሱንም አብሮ ወርሷል።

ሁለተኛ፤ ሰማያዊ የማረሚያ እርሳሴ ለሎይድ ይሁን።

«ምን ላርምበት? ጋዜጣው እንደሆነ ተዘግቷል» አለ ሎይድ።

«ጥርስህን ጎርጉርበት» አልኩት። ይህም ይጻፍ።

ሦስተኛ፤ በመሳቢያዬ ውስጥ አንድ የማረሚያ ወረቀት አለ። እሱ ለታናሽ እህቴ ለቬርና ዱሊክ ይሰጥ። ምክንያቱን እናገራለሁ፤ ረዘም ቢል ታገሡኝ።

ቬርና ከወንዙ ዳር ባለው መንገድ ላይ ትኖር ነበር። የአባታችን ቤት ነበር። በየፀደዩ ደረጃውን ነጭ ቀለም ትቀባለች፤ ከደጃፉ ግራና ቀኝ ፒዮኒ የምንለው ድርብርብ አበባ ሞልቶ፣ በሜይ መጨረሻ ለሙታን መታሰቢያ ቀን መቃብር የምናለብሰው ከእሷ ግቢ ተቆርጦ ነበር። በ2005 አፕሪል ላይ የከተማው ምክር ቤት ያንን መንገድ «የፈራረሰ ሰፈር» ብሎ ሰየመ። አንድ ቃል ናት፤ ነገር ግን በሕጉ ያቺ ቃል ከተጻፈች መንግሥት ነዋሪውን አስነስቶ መሬቱን ለፈለገው ድርጅት ይሰጣል። የድርጅቱ ባለ ድርሻ ደግሞ የጋዜጣችን ባለቤት ነበር። ኮረብታው ላይ ነው የሚኖረው። የእሱ ጋራዥ በበረዶ ሲደረመስ ጋዜጣችን «ታሪካዊ ቅርስ ተጎዳ» ብሎ ጻፈ። የወንዙ ዳር ግን አንዲት የተቃጠለች ቤት ነበረችው፤ እሷኑ በሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንስተው ሦስት ቤት አስመሰሏት።

ዜናው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። አራሚ የሚያጠራጥር ነገር ካገኘ በህዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት ያደርጋል፤ ደንቡ ነው። «የፈራረሰ» ከሚለው ቃል ትይዩ አደረግሁ። አዘጋጁ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ዊልማ፣ ፊደሉ ልክ ነው?»

«ፊደሉ ልክ ነው። ነገሩ ነው ውሸት።»

«አንቺ የፊደል ነሽ። የነገሩ ጠረጴዛ ሌላ ነው።»

ባሌ ኦርቪል ያኔ በኦክስጅን ነበር የሚተነፍሰው፤ የጤና መድኑ የተንጠለጠለው በእኔ ሥራ ላይ ነበር። ምልክቱን በላጲስ አጠፋሁት። ጋዜጣው ወጣ፤ በኦክቶበር ቤቶቹ ፈረሱ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ እኛ ንጉሥ የለንም ብለን የምንኮራ ሰዎች ማንን እንደምንከስ እንኳ አጣን። ድርጅቱም ሳይመጣ ቀረ። ዛሬ እዚያ አጥር፣ ጠጠርና የዱር ዝይ ብቻ ነው ያለው።

ቬርና «አንቺ ባየሽው ወረቀት ላይ ይህ እንዴት ይወጣል?» አለችኝ። ወደ ኬንታኪ ሄደች፤ በተጎታች ቤት ትኖራለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድምፅዋን አልሰማሁም። እህቴ ትናፍቀኛለች። ትንኝ የሚከለክለው የወንፊት በሯ ሲዘጋ የሚያሰማው ኳኳታ እንኳ ይናፍቀኛል። በመሳቢያዬ ያለው ያው ወረቀት ነው፤ ብርሃን ቢበራበት የጠፋው ምልክት ይታያል፤ እንድታየው እፈልጋለሁ።

አራተኛ፤ ቤቷ ከመፍረሱ በፊት አንድ እሑድ ቀን፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ የፒዮኒውን ሥር ቆፍሬ አምጥቼ በጓሮዬ ተክያለሁ። ቅጠል ያወጣል፤ አንድም ቀን አላበበም። ለምን እንደማያብብ ከመጽሐፍ አንብቢ ይሉኛል። ከመጽሐፍ ማወቅ አልፈለግሁም፤ ለእህቴ የምጠይቃት አንድ ነገር እንዲኖረኝ ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። እሱም ለቬርና ይሁን።

አምስተኛ፤ እርማት ሳይወጣ እርም አይወጣም። ሎይድ በጋራዡ ባስቀመጣት የእጅ ማተሚያ ይህን አትሞ በአጥሩ ላይ ይለጥፍ፦ «እርማት። በአፕሪል 2005 የወንዙ ዳር ‹የፈራረሰ ሰፈር› ተብሎ ተጽፏል። መባል የነበረበት ‹የሰው ቤት› ነው። አራሚዋ አይታ አሳልፋዋለችና ይቅርታ ትጠይቃለች።»

አሁን ስለ ሁለተኛው ምስክር። ሎይድ ጠዋት ወደ ኬንታኪ ደውሎ ቬርናን ሁለተኛ ምስክር እንድትሆን ጠይቋት ነበር።

«ምን አለችህ?»

«ሰማችኝ። ዘጋችው።»

«እንጠብቃታለን» አልኩ።

ፖሊን ብዕሯን አስቀመጠች። «ወይዘሮ ዊልማ፣ ወራሽ ምስክር ሲሆን ውርሱን ያጣል። እህትዎም ሆኑ ሎይድ ከፈረሙ አይወርሱም።»

«እንግዲያው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ሰርዢ። ሎይድ፣ እርሳሱን አሁኑኑ ውሰድ። ቬርና ከመጣች የእሷን በቁሜ፣ በእጄ እሰጣታለሁ።»

«ካልመጡስ? ሁለት ምስክር ከሌለ ኑዛዜው ይፈርሳል። ጎረቤት እንጥራ።»

«ይፍረስ! መፍረስ እንደሆነ ለምደናል።»

ሐሙስ፣ ሜይ 16። ቃሌን እቀጥላለሁ። ቬርና ዛሬ በአራት ሰዓት፣ ኬንታኪ ድረስ ሄዶ ካመጣት ከሎይድ መኪና ወርዳ፣ ሰላም ሳትለኝ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ስትመለስ ጣቶቿ አፈር ነበሩ። ወረቀቱን ሰጠኋት፤ ወደ መስኮቱ አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አድርገሽው ነበር» አለች።

«አጥፍቼዋለሁም።»

«እሱንም አየሁት።» ከዚያ ይህን ኑዛዜ ከላይ እስከ ታች፣ የተሰረዘውን ጭምር አነበበችና ከሎይድ ደረት ኪስ ሰማያዊውን እርሳስ መዘዘች።

«ወይዘሮ ቬርና፣ ፊርማው በብዕር ነው» አለቻት ፖሊን።

«ፊርማውን በብዕር እፈርማለሁ። ይሄ የህዳግ ነው።»

ተናዛዥ፦ ዊልማ ኩቻር፤ በእጄ ፈርሜያለሁ።

አንደኛ ምስክር፦ ሎይድ ቴንች።

ሁለተኛ ምስክር፦ ቬርና ዱሊክ፤ ውርስ የሌላት።

ከአራተኛው አንቀጽ ትይዩ፣ በህዳጉ ላይ በሰማያዊ እርሳስ የተጻፈ፦ «በጣም ቀብረሽዋል፣ አንቺ ሞኝ። ለዚያ ነው ያላበበው፤ ሁለት ጣት ጥልቀት ይበቃዋል። መኸር ላይ አብረን እናወጣዋለን፤ እስከዚያ እንዳትሞቺ።»