ይሄነው ሲውጥ

መጋቢት 3

ዛሬም ይሄነውን ትን አለው። ስትሮኩ ከያዘው ወዲህ አንደበቱ ተመልሷል፣ እግሩም ደህና ነው። ቀኝ እጁ ገና ነው፣ ጉሮሮው ደግሞ አኮረፈ። ቆሜ አጎረስኩት። ባሌን ተቀምጬ አጉርሼ አላውቅም፣ እናቴም አባቴን ቆማ ነበር የምታጎርሰው። አንድ ጉርሻ፣ ሌላ... ከዚያ ሳል። ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር።

“በርበሬው በዝቶ ነው” አለኝ።

ውሸታም። የአተር አልጫ ነበር።

መጋቢት 6

የመካነ ሰላሙ ሐኪም ደረቱን አዳመጠና ነገረን። ምግቡ ወደ ሳንባው ሳይገባ አይቀርም። ደሴ ሄዶ፣ ሲውጥ በራጅ ይታይ። ካልሆነ በአፍንጫው ቱቦ...

ቤት ስንገባ ይሄነው፣ “ከእጅሽ ካልጎረስኩ ምኑን በላሁት፣ የኔአለም?”

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

መጋቢት 9፣ ደሴ

ራጅ የሚያነሳው አሕመድኑር ይባላል። ነጭ ነገር በብርጭቆ ሲያቀርብለት ይሄነው አፉን ገጠመ።

“ወተት ነው። በጾም አልቀምስም።”

“ወተት የለበትም አባባ። ጉሮሮዎ ውስጥ ሲወርድ እንዲታየን ነው። እኔም ረመዷን ይዣለሁ፣ ወላሂ ጾመኛ አላስገድፍም።”

ሁለቱ ጾመኞች ተያይተው ሳቁ። ይሄነው በግራ እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ጠጣ። በደህና ወረደ። ታዲያ ቤት የሚያንቀው ምንድን ነው?

አሕመድኑርም ይኸው ገርሞት፣ “እንደ ቤትዎ ያጉርሷቸው” አለኝ። ጨረሩን የሚከላከል ከባድ ሽርጥ አለበሰኝ። ከቤት የያዝኩትን ሽሮ ፍትፍት በነጩ ነገር ለውሼ፣ እንደ ልማዴ ቆምኩ። ይሄነው ቀና ብሎ አፉን ከፈተ። ስክሪኑ ላይ መንጋጋው፣ የአንገቱ አጥንት... ጉርሻው ጥቁር ሆኖ ወረደ። ከዚያ ቀጭን ክር ወደ አየር ቧንቧው ሾለከች። ሳለ።

“ቀና ሲሉ ነው። ይቀመጡና ከታች ያጉርሷቸው” አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አገጫቸው ደረታቸውን ይንካ። ጉርሻውም ይነስ።”

ተቀመጥኩ። ጎንበስ ብሎ ዋጠ። ክሯ የለችም።

ላከብረው ብዬ ስቆም ኖሯል የማንቀው? ማታ እጁን ይዤ ተኛሁ።

መጋቢት 21

ሳል የለም። ጉርሻ አሳነስሽ ብሎ ሲነጫነጭ ዋለ። ተሽሎታል ማለት ነው።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ቤቱ ሞላ። እሱ ወንበር ላይ፣ እኔ እግሩ ሥር በርጩማ ላይ። እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር?

ወንድሙ አምላኩ አላስቻለውም። “ምነው የኔአለም፣ በዓመት በዓል እንኳ ተነሥተሽ አታጎርሽውም?”

አፌን ሳልከፍት ይሄነው ቀደመኝ። “ተዋት። ለማንም አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። ለሷ ይኸው ደፋሁ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ጉሮሮውን እያየሁ ነበር። ጾሙ ከተፈታ ወዲህ ገና የመጀመሪያው የዶሮ ወጥ ጉርሻ... አገጩ ደረቱን ነካ። ጠበቅሁ።

ዋጠ።

“ድገሚኝ” አለኝ።

ደገምኩት።