የወንድሜ ማሳ የሄደበት

ለተከበሩ የተፋሰስ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ጤናዎ የተሟላ፣ ጫማዎ የደረቀ፣ ጣሪያዎም የማያፈስ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከኮረብታው ግርጌ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የምጽፍልዎ ምስጋና እንጂ አቤቱታ አይደለም፤ አቤቱታማ ደጋግመን አቅርበን፣ ይታያል ተብለን፣ እኛም ስናይ ከርመናል።

አንደኛ፣ የኮረብታውን አናት ከቁጥቋጦና ከሣር ስላጸዱልን እናመሰግናለን። ያ ሣር ዝናቡን ይዞ እያቆየ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ያሰርገው ስለነበር፣ ምንጫችን በጋውን ሁሉ ጥቂት በጥቂት እየሰጠን በከንቱ ሲያጓትተን ኖሯል። አሁን ግን በእርስዎ ፈቃድ ኮረብታው በትራክተር ከላይ ወደ ታች ስለታረሰ፣ ውሃው ትልሙን እንደ ጥርጊያ መንገድ ይዞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጠቃሎ ይደርሰናል። ምንጩም ሥራ ስለፈታ ደርቋል።

ሁለተኛ፣ አባታችን ከማሳው በላይ የካበውን የድንጋይ እርከን ትራክተሩ መዞሪያ አጣ ተብሎ ሲፈርስ፣ ታላቅ ወንድሜ ከመናገር ዝምታ የሚቀናው ሰው ሆኖ ሳለ፣ ጎርፉ ሲመጣ ምን ይመልሰዋል ብሎ እርስዎን ጠይቆ ነበር። ጥናቱ ይመልሰዋል አሉት። እኛ የዋሆቹ፣ ጥናቱ ጥያቄውን ሳይሆን ጎርፉን ይመልሰዋል ማለትዎ መስሎን ተመስገን ብለን ገባን።

ሦስተኛ፣ ዝናቡ በበረታ ዕለት የደንበኞቼን ጨርቅ ሳይቀር ከረጢት አድርጌ ሰፋሁ፤ ወንድሜና ሚስቱ ማሳውን ለማዳን የማሳውን አፈር እየዛቁ ሞሉት፤ ውሃውም ከረጢቱንም ማሳውንም ይዞ ወረደ። ሲመሽ የቀረን ነጭ ጭንጫ ብቻ ነበር። የወንድሜ ሚስት ጭንጫው ላይ ቁጭ ብላ ቀረች፤ ወንድሜ ግን የሚዘጋ ነገር ያለ ይመስል አካፋውን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። እርስዎ ግን አልጨከኑብንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለትን ለማያውቁ ባለሥልጣን በሚገባ ፍጥነት፣ በሳምንቱ ከፎቶ አንሺ ጋር መጥተው ጭንጫው ላይ ችግኝ ተክለውልናል። ችግኙ የቆመው በጠጠር ተደግፎ ነው።

ወንድሜ አሁን ከበታቻችን ያለው የከተማው ግድብ በደለል ስለተሞላ ደለል በመዛቅ ተቀጥሯል፤ ለዚህም የሥራ ዕድል ባለውለታችን ነዎት። አንድ ማታ እግሩን እየታጠበ፣ "ዛሬ የኛን አፈር ስዝቅ ዋልኩ" አለኝ። በመልኩ፣ በእጁ ላይ በሚሰጠው ስሜት ለይቶታል። አንድ ከረጢት ወደ ቤት ልውሰድ ብሎ ቢለምን፣ ዘበኛው የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ በትሕትና ከልክሎታል። ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እኔም የደረቀ ፎጣ አቀበልኩት።

ክቡር ሆይ፣ አፈር ልሁንልዎ ብዬ እንዳልለምንዎ፣ በእኛ ሰፈር አፈር ሆኖ መቅረትም አልተቻለም። ሌላ የልመና ቃል ደግሞ እናቴ አላስተማረችኝም።

ሥልጣንዎ እንደ ጭንጫው ጸንቶ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤
ከእርስዎ በታች፣ ከቁልቁለቱ ሥር ያለችው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ መልስ ለመላክ ፖስተኛ አያድክሙ። ጎርፉ ወደሚወርድበት ቦይ ይጣሉት፤ ከእርስዎ ዘንድ የተለቀቀ ነገር ሁሉ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም።