የአባዬ የባስ ዘንግ

ሰኞ፣ ህዳር 8

«ለኪ» አለኝ ዛሬም። አማርኛውም ኦሮምኛውም ሞልቶት ሳለ፣ አባዬ እምቢ ሲል ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። እምቢታው እንዲጠብቅለት ይመስለኛል። ለኪ ካለ አለቀ፣ ሁለተኛ አይጠየቅም።

የጠየቅኩት ደግሞ ትልቅ ነገር አልነበረም። በር ድረስ ወጥተን ፀሐይ እንሙቅ ነው ያልኩት።

በረመዳን ያ ስትሮክ የሚሉት በሽታ ቀኝ ጎኑን መታው። አልሐምዱሊላህ፣ እግሩ ተመልሷል። አፉም ተመልሷል፤ እንዲያውም ጨምሮበት ነው የተመለሰው። የቀረው ቀኝ እጁ ብቻ ነው። ጣቶቹ ትንሽ ይታጠፋሉ እንጂ አይጨብጡም። ሐኪሟ «እጁ ሥራ ካልያዘ ሥራውን ይረሳል» ብላኛለች። እሱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከግቢ አልወጣም። ምክንያቱን አንድ ቀን ብቻ ነው የነገረኝ፦ «ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ ምን ልስጠው? ግራዬን?»

እውነቱን ነው፣ የኛ አገር ሰላምታ እጅ ይፈልጋል። እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ እጅ ተሳስሞ፣ ልጁም ከብቱም ዝናቡም ተጠይቆ እስኪያልቅ እጅ አይለቀቅም። አባዬ ደግሞ በከሚሴ የታወቀው በሰላምታው ነው። ዳቦ ግዛ ተብሎ ወጥቶ፣ ሰላም ሲል ውሎ ያለ ዳቦ የሚመለስ ሰው ነበር።

ከሰላምታ ቀጥሎ የሚወደው ቦርከና ወንዝ ነው። ሹፌር ሆኖ ሲሠራም፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ፣ ከጨፋ ሮቢቱ ጓደኛው ከአያ ሙሄ ጋር አሳ ሲያጠምድ ነው የኖረው። የቀርከሃ ዘንጉ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሱን ማንሳት ግን ሁለት ጠንካራ እጅ ይጠይቃል።

ስለዚህ ወሰንኩ። ቀላል የፋብሪካ ዘንግ እገዛለታለሁ፣ ክሩን የሚጠቀልል ማሽን ያለው። እሁድ ወንዝ እንወርዳለን። ለአያ ሙሄ ራሴ እደውልላቸዋለሁ።

ከልብስ ስፌት ቤቴ አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ሰዒድ «አንቺና አሳ ምን አገናኛችሁ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሲስቅ ቆይቶ ግን አዲስ አበባ ዘንግ የሚሸጥ ሰው ፈልጎ ቁጥሩን ሰጠኝ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 9

ዛሬ ተዋረድኩ። ደብተሬ ላይ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ትሑት ልጅ ነው፣ እህቴ እህቴ ይላል። «ምን አይነት አሳ ነው የምታጠምዱት?» አለኝ። «አምባዛ፣ ነጭ አሳም» አልኩት። «በቃ፣ የባስ ዘንግ ይሆንሻል።» እኔም በኩራት «በባስም ላከው በሚኒባስም፣ ብቻ ሳይሰበር ይድረስ!» አልኩት።

ከስልኩ የሳቅ ድምፅ መጣ። ሰዒድ ከጎኔ ሆኖ ወንበሩን ይዞ ተንፈራፈረ። ለካ ባስ የሚባል የፈረንጅ አገር አሳ አለ፣ ጉልበተኛ፣ ተጎትቶ የማይደክም፣ ዘንጉም ለእሱ ተብሎ የሚሠራ። አቤት! «እኛ ወንዝ ባስ የለም» ስለው «ዘንጉ ምን ያውቃል እህቴ፣ የያዘለትን ያወጣል» አለኝ። ወደድኩት።

ከዚያ ምርጫው መጣ፦

ዘንግ — በቁመቴ ልክ ወይስ ከቁመቴ በላይ? አጭሩን ያዝኩ፣ ለደካማ እጅ።
ማሽን — ትንሹ። ትልቁ ከነዘንጉ አባዬን ይጎትተዋል።
ክር — እዚህ ላይ ማንም አያስተምረኝም፣ ሃያ ዓመት የበላሁት ክር ነው። «ስንት ቁጥር?» ሲለኝ «ሰማንያ» አልኩት፣ ቀጭን እንዲሆን። በስፌት ክር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «ልብስ ሰፊ ነኝ!» አልኩት።
ማታለያ — ሦስት አይነት ፎቶ ላከልኝ። ሐምራዊ የጎማ ትል፣ ማንኪያ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ዓይን የተሳለለት የውሸት አሳ።

ፎቶዎቹን ለአባዬ አሳየሁት፣ ለሌላ ሰው እንደሚገዛ አስመስዬ።

«ይኼ ምንድነው?»
«የውሸት አሳ ነው። እውነተኛው አሳ መስሎት ይውጠዋል።»
«አሳን? በውሸት?» ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አሳ ዋሽቼ አላውቅም። የሚበላ ነገር ነው የሰጠሁት።»
«መንጠቆ ደብቀህበት!»

ከስንት ጊዜ በኋላ አባዬን አፍ አስያዝኩት! የውሸቱን አሳ አዘዝኩ።

ሐሙስ፣ ህዳር 11

ዘንጉ መጣ። በባስ።

ረዳቱ ረጅሙን ካርቶን ሲያቀብለኝ «የመጋረጃ ዘንግ ነው?» አለኝ። «አዎ» ብዬ አለፍኩ። ከትናንት ወዲያ የሳቁብኝ ይበቃል።

ሱቄን ዘግቼ ፈታሁት። ወይ ማማር! ሁለት ቁራጭ ነው፣ አንዱ አንዱ ውስጥ ይገባል። ጫፉን ነካ ሲያደርጉት ይርገበገባል። ከጨርቅ መቀሴ ብዙም አይከብድም። የውሸቱ አሳ ደግሞ ሦስት መንጠቆ አንጠልጥሎ ያፈጥብኛል።

ከዚያ ደስታዬ ሁለት ጊዜ ተበላሸ።

አንደኛ፣ ክሩ። በግ ይታሰርበታል! ሻጩ ጋ ደውዬ ጮህኩበት። «እህቴ፣ ሰማንያ ነው ያልሽው። የአሳ ክር ቁጥሩ ሲጨምር ይወፍራል። ለናንተ ሠላሳ አምስት ይበቃ ነበር» አለኝ። ሃያ ዓመት ክር በልቼ!

ሁለተኛ፣ ማሽኑ። ክሩን ለመጠቅለል የሚዞረው መዘውር የተገጠመው በግራ በኩል ነው። በግራ! አባዬ አላህ የሰጠውን ሪዝቅ በግራ እጁ የሚቀበል ሰው ነው? ቁርሱን እንኳ በግራ አይበላም። ሰው በሌለበት ማንኪያውን በቀኝ ጣቶቹ መሀል ሰክቶ፣ ግማሹን እያፈሰሰ ነው የሚበላው፣ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ አልፋለሁ። «ማሽኑን ገልብጠህ ነው የላክኸው» አልኩት ሻጩን። «ይዞራል እህቴ፣ ብሎኑን ፈትተሽ በሌላው በኩል ማስገባት ነው። ግን ለምን…» አለ፣ የቀረውን ሳልሰማ ዘጋሁት። ተናድጄ ነበር።

ከገበያ ዶቃ የሚሰካበት ቀጭን ናይሎን ገዛሁ። በጥርሴ ሞከርኩት፣ በእጄ ጎተትኩት፣ በመጨረሻ የከሰል ካውያዬን አንጠለጠልኩበት። ቻለ። ቢያንስ ክር አሁንም አውቃለሁ።

ዓርብ፣ ህዳር 12

ዛሬ ብዙ አልጽፍም።

ሰዒድ ከጁምዓ መልስ መጥቶ መዘውሩን ወደ ቀኝ አዞረልኝ። ዘንጉን ለአባዬ ሰጠሁት። «ያንተ ነው» አልኩት። ጫፉን ነካ ነካ አደረገው፣ እንደኔው። ዓይኑ በራ፣ ወላሂ በራ።

በግራው ዘንጉን ይዞ ቀኝ እጁን ወደ መዘውሩ አመጣ። ጣቶቹ መዘውሩን አገኙት፣ ያዝ ለማድረግ ሞከሩ፣ ተንሸራተቱ። እንደገና። ተንሸራተቱ። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከረም። ዘንጉን ቀስ ብሎ መደቡ ላይ አጋደመው፣ ለመኝታ እንደሚያስተኙት ሕፃን። «ቆንጆ ነው ልጄ ከድጄ፣ አላህ ይስጥሽ። ለሚችል ሰው ስጪው» ብሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ።

ለኪ እንኳ አላለም። ለኪ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 13

እኔ ጅል! ድንጋይ ራስ!

ጠዋት ለሻጩ ደወልኩ፣ ይቅርታ ልጠይቀውና ዘንጉን መልሶ ይወስድልኝ እንደሆን ለመጠየቅ። የሆነውን ስነግረው «አባትሽ የትኛው እጃቸው ነው የታመመው?» አለኝ። «ቀኙ።» «ታዲያ መዘውሩን ለምን አዞርሽው? ዘንጉን የሚይዘው ቀኝ ነው፣ ግራው ይጠቀልላል። ሐሙስ ለት ይህንኑ ልነግርሽ ነበር፣ ዘጋሽብኝ።»

ሰዒድ አሳ ሲጠመድ የሚያሳየውን ቪዲዮ ከፈተልኝ። ያ ሁሉ ፈረንጅ ዘንጉን በቀኝ ይዞ በግራ ይጠቀልላል። ሳምንቱን ሙሉ ያየሁት ቪዲዮ ነው! አሳውን እንጂ እጃቸውን አላየሁም።

መያዝ ያቃተውን እጅ ማስያዝ ደግሞ የኔ ሥራ ነው። ከአሮጌ ጂንስ ማሰሪያ ቆረጥኩ። ውስጡ ስፖንጅ፣ ዳሩ ላይ ጭርር እያለ የሚላቀቀው ማጣበቂያ። የአባዬን የእጅ አንጓ ለካሁ፣ መዳፉን ለካሁ። ቀጥኗል። ልኩን እዚሁ ደብተር ላይ፣ ከደንበኞቼ ልክ በታች ጻፍኩት።

ሰዒድ መዘውሩን ወደ ግራ መለሰው። እኔ የአባዬን ቀኝ እጅ ከዘንጉ ጋር አሰርኩ።

«በቀኝህ ትይዛለህ፣ በግራህ ትጠቀልላለህ» አልኩት።
«አሳውን የሚቀበለው የትኛው ነው?» አለ።
«የያዘው ነዋ። ግራህ ተላላኪ ናት።»
«ቢስሚላሁስ በየትኛው እጅ ነው?»
«ቢስሚላህ በምላስ ነው አባዬ፣ ምላስህ ደግሞ ምንም አልጎደለውም!»

ሳቀ። ሰዒድም ሳቀ።

ግቢ ውስጥ በውሸቱ አሳ ተለማመደ። ግራው ያግዛል፣ ዘንጉ ይወናጨፋል። አንደኛው ውርወራ ጣሪያ ላይ ዋለ። ሁለተኛው የልብስ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ሻሼን ያዘው። አባዬ መዘውሩን አዞረ፣ ሻሼ እየተውለበለበ ግቢውን አቋርጦ ወደ እሱ መጣ። «የውሸቱ አሳ የእውነት ሻሽ ያዘ!» አለ። ሻሼ ሦስት ቦታ ተቀዷል። ይቀደድ።

«ነገ ወንዝ እንሂድ?» አልኩት። ለኪ አላለም። አላህ ካለ አለ።

እሁድ፣ ህዳር 14

ከቀትር በፊት ተመለስን፣ አሁን ዙሁር ተሰግዷል። ሁሉንም ሳልረሳ ልጻፍ።

ባጃጁ ውስጥ ዘንጉ እንደተገጣጠመ አልገባ ብሎ ጫፉ በጎን ወጥቶ ሄደ። አባዬ ግን አንገቱን ቀብሮ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ነበር። የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ነው።

ጨፋ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። ወንዙ ጠርቷል፣ ማዶ ግመሎች ውኃ ይጠጣሉ። ዳር ላይ አስቀምጬ እጁን ከዘንጉ ጋር አሰርኩለት። የውሸቱን አሳ ግን ለኪ አለ። ከቧንቧችን ሥር ቆፍሮ ያመጣውን ትል መንጠቆው ላይ አስደረገኝ። «የሐቅ ትል» ይለዋል።

ከዚያ አያ ሙሄ መጡ። ከሩቅ «ነጋ! ነጋ!» እያሉ ነው የሚመጡት፣ በኦሮምኛ ሰላም ነው ሰላም ነው እያሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ከሃያ እርምጃ ዘርግተው። አባዬ እጃቸውን አየ። የራሱን አየ።

«ሙሄ» አለ፣ «ይቅር በለኝ፣ እጄ ሥራ ላይ ነው።»

እጄ ሥራ ላይ ነው! ስንት ወር የደበቀውን እጅ!

አያ ሙሄ አላቅማሙም። ጎንበስ ብለው የታሰረውን እጅ ከነጂንሱ ከነዘንጉ በሁለት እጃቸው ያዙና ሳሙት። ከዚያ ሳይለቁ ጀመሩ፦ ልጆቹ፣ ላሞቹ፣ ዝናቡ፣ ማሽላው። ዘንጉ ከሰላምታው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። የተሸሸገ አሳ ቢኖር ያኔ ነው የሸሸው።

ብዙ ጠበቅን። አያ ሙሄ በውሸቱ አሳ ዓይን ተማርከው የራሳቸው ክር ላይ አስረው ሲወረውሩ ቆዩ፣ ሣር ብቻ ያዙ። «ዋሾ!» ይለዋል አባዬ አሳውን።

ድንገት ዘንጉ ጎበጠ። «ያዘ! ወላሂ ያዘ!» ግራው መዘውሩን ያዞራል፣ ቀኙ ከነማሰሪያው ይንቀጠቀጣል። ዘንጉ የሚያመልጠው መስሎኝ ተነስቼ እጄን ዘረጋሁ።

«ለኪ!» ብሎ ጮኸብኝ። «እጅሽን አንሺ!»

በሕይወቴ እንደዚህ ያስደሰተኝ እምቢታ የለም። እጄን አነሳሁ።

አምባዛ ነው። ክንድ አይሞላም፣ ጢሙ ግን የሽማግሌ ነው። አያ ሙሄ ለአምባዛው ሳይቀር ማሻአላህ አሉት።

ስንመለስ ማሰሪያውን ልፈታለት ስል «ተይው» አለኝ። ባጃጁ ከሚሴ ሲገባ ኮፍያውን ወደ ኋላ አደረገ። ዘንጉን በጎን አውጥቶ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ላለው ሰው ሁሉ እየጮኸ ሰላምታ ሰጠ። «እጄ ሥራ ላይ ነው! እጄ ሥራ ላይ ነው!» ባለባጃጁ ሁለት ጊዜ ቆመልን፣ ሰው የታሰረውን እጅ ካልሳምን ብሎ።

ቤት ስንገባ ማሰሪያውን ጭርር አድርጌ ፈታሁት። እጁ ወዝቷል፣ ሞቋል። መዳፉን ሳሻሽለት አውራ ጣቱ ጣቴን ጫን አደረገኝ። ትንሽ ናት። ምናልባት መስሎኝ ይሆናል፣ ምናልባት የማሰሪያው ልማድ ይሆናል።

«አባዬ፣ አሁን ያዝከኝ? እስቲ ድገመው።»

ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«ዛሬ ሥራ ላይ ነው የዋለው፣ ደክሞታል» አለኝ። «ነገ ጠይቂው።»

ነገ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እጠይቀዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።