ጊታርሽ ወደ ግራ ዞረ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1። ጠዋት ከአሪቻ ሁለት መኪና ቡና ገባ። አንዱን ተቀበልኩ። ሁለተኛውን በጥርሴ ነክሼ ሳየው ገና አልደረቀም፤ መለስኩት። ባለቤቱ ተቆጥቶ ሄዷል፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ምሕረቴ፣

ከተለየሽን ይህ ሦስተኛው የቡና ለቀማ ነው። ሰው በወርና በዓመት ይቆጥራል፤ የእኔ ዓመት የሚጀምረው ግን ቡናው ሲቀላ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በዚህ ማስታወሻዬ ላይ ከዕለቱ ሥራ በቀር ሌላ ነገር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ከቡናው ሥር ላንቺ የምነግርሽ ወሬ አለኝ። ጊታርሽ ከግድግዳው ወርዷል።

ቤቱ ደህና ነው። ጓሮ የተከልሽው አቮካዶ የጎረቤቱን ጣሪያ አልፎ ሄዷል። ማለዳ ላይ ፍሬው ሲወድቅ ቆርቆሮው ላይ እየተንከባለለ ይቀሰቅሰኛል፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ አንቺ በሩን ያንኳኳሽ ይመስለኛል። ተነስቼ እከፍታለሁ። ከኮረብታው የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ እንደ እንግዳ። ትንሽ አብሬው እቆምና ዘግቼ ሻዬን አፈላለሁ። ልጃችን ሊዲያ በቁመት በልጣሻለች፤ ጫማሽም ጠቧታል። ቴክኒክ ኮሌጅ ገብታ የእንጨት ሥራ እየተማረች ነው። ከልብሷ ሰጋቱራ እየረገፈ ስለሚሄድ የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ሳልጠይቅ አውቃለሁ።

ጊታርሽን ከሶፋው በላይ፣ ራስሽ በሰቀልሽበት ሚስማር ላይ ነበር የተውኩት። በየዓመቱ ጥር ላይ ያረፍሽበት ቀን ሲደርስ የመዝሙር ጓደኞችሽ ይመጣሉ። ታደሉ ታወርደዋለች፤ ክሩን ትቃኝና ያን የምትወጂውን ዝግ ያለ መዝሙር ትመታለች። ያኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ታደሉን ያስተማርሻት አንቺ ስለሆንሽ አመታቷ ያንቺ ነው፤ ዓይኔ እስካልተከፈተ ድረስ ክፍሉ ውስጥ አለሽ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ያቺን ግማሽ ሰዓት ነበር።

መስከረም ላይ ሊዲያ መምህሯ ያዘዛቸውን ሥራ ነገረችኝ። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ አሮጌ ዕቃ ወስዶ ለሚጠቀምበት ሰው እንዲስማማ አድርጎ እንደገና ይሠራዋል። አንዱ የአያቱን ወንበር መርጧል፤ አንዷ የልብስ ሣጥን። የእኛዋ ይህን እያወራችኝ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

ግራኝነቷን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በቀኝሽ ብዪ እያሉ እጇን ሲመቷት ከአክስቶቿ የተጣላሽው አንቺ ነሽ። ጊታር ልታስተምሪያት ስትሞክሪም በግራዋ ስትይዘው ወፍራሙ ክር ወደ ታች ይሄድባት ነበር፤ ቀጭኑ ወደ ላይ ይወጣና ጣቷ ይምታታል። አሁን ክሮቹን ልትገለብጥ፣ የሚታሰሩበትንና የሚያርፉበትንም አዲስ ሠርታ የግራ እጅ ጊታር ልታደርገው ፈለገች።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጊታሩ ከዞረ ታደሉ ልትመታው አትችልም። ታደሉ ካልመታችው ደግሞ አንቺ አትመጪም።

እንደ ነጋዴ አሰብኩና ጥሩ ዋጋ አቀረብኩላት። «አዲስ ልግዛልሽ። ከሐዋሳ አስመጣለሁ፣ ለግራኝ የተሠራ፣ ቀለሙን ራስሽ ምረጪ።»

«አባዬ፣ አዲስ ከሆነማ ፕሮጀክትነቱ ቀርቶ ሸመታ ሆነ» አለችኝ።

«ቢሰበርብሽስ?»

«ሳይመታ ከኖረ ከተሰበረ በምን ይሻላል?»

ብትነግድ ከእኔ የበለጠ ታተርፋለች። አይሆንም ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እራት ላይ ስለ ጨው ብቻ ነበር የምናወራው፤ በዛ፣ አነሰ።

እሷ ግን አልተወችም። ለክሮቹ ማሰሪያ የሚሆን የደረቀ ዋንዛ እንዲሰጧት ዱመርሶ መንደር ላሉት ለአባትሽ ደወለች። ይህን ስሰማ ለቡና በሄድኩበት ወደ ግቢያቸው ጎራ አልኩ፤ እንጨት የለም እንዲሏት ልለምናቸው። ገበያ ላይ የተለመደ ነገር ነው፤ ተፎካካሪህ ዕቃ እንዳያገኝ ከፈለግህ አቅራቢውን ቀድመህ ታናግራለህ።

አባትሽ እንሰት ሊያራቡ እናቲቱን ተክል ነቅለው፣ መሃል ልቧን በቢላዋ አውጥተው፣ አፈር ሊያለብሷት ሲሉ ደረስኩ። ገና ሲያዩኝ «ነጋዴው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትገዛ መጣህ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ልገዛ አይደለም አባባ። አንድ ነገር እንዳይሰጡ ነው።»

ነገሩን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ዕቃ ሰቅለህ፣ ገዢ ከልክለህ፣ ራስህም አትነካው። እንዲህ ያለ ንግድ በየት አገር ነው ያለው?»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ስለ ታደሉና ስለምጨፍነው ዓይኔ ነገርኳቸው። አፈሩን መለሱ፣ በእግራቸው ጠቀጠቁት። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «እኔም በሕልሜ ትመጣለች» አሉ። «ስትመጣ ግን ስለ እኔ ጠይቃኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ ስለ ልጅቷ ነው።»

ምሕረቴ፣ የዚያን ቀን ሳልገዛም ሳልሸጥም ተመለስኩ።

እንጨቱን ሊሰጡ ቢስማሙም የግቢያቸውን ሕግ አላነሱም። ያደግሽበት ነው፤ ከዚያ ግቢ መዳፍ የምታህል ቁራጭ እንኳ ብትወጣ መጀመሪያ ምትኳ ይተከላል። ቅዳሜ ሊዲያን ይዣት ሄድኩ። እሷ የዋንዛውን ችግኝ ያዘች፤ አባትሽ ዶማውን ለእኔ አቀበሉኝ። «ጠያቂዋ እሷ ናት» ብላቸው፣ «ጊታሩስ የማን ነው? ቆፍር» አሉኝ። ቆፈርኩ። ከጥላው በታች አፈሩ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። ሊዲያ ችግኟን አስገብታ አፈሩን ስትደለድል ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ ዋጋው ተቆርጦ ነበር፤ ጊታሩን ትወስደዋለች።

መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። ከቀዳዳው ሥር ጥፍርሽ እየፋቀ ያሳሳው ቦታ አለ፤ ቀለሙ ለቆ እንጨቱ የሚታይበት። እሱን እንዳትልጊው አልኳት።

«ለምን እልገዋለሁ? ጊታሩ ሲዞር እሱ ወደ ላይ ይወጣል። ከታች ደግሞ የእኔ እጅ የራሱን ያሳሳል» አለችኝ። ዲላ እስክንገባ ድረስ መንገዱን ብቻ አየሁ።

የቀረውን ብታዪው ትስቂ ነበር። በአንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ትንሽ ቁራጭ ከአጥንት ልትሠራ ፈለገች። ጾም ገብቶ ብዙው ሥጋ ቤት ስለተዘጋ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ቅልጥም ልገዛላት ሄድኩ። ሰውየው «ለሾርባ ነው?» አለኝ። ለጊታር ነው አልኩት። ደግሜ ለጊታር ነው ስለው ቢላዋውን አስቀምጦ «ጋሼ፣ ጾሙ ከበደዎት መሰለኝ» አለኝ። አጥንቱን በሳሙና ቀቅላ ግቢ ስታሰጣው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በራችን ላይ አደረ።

የመጀመሪያዋ አጥንት አልሆነችም። ያንቺን አሮጌ አጠገቧ አስቀምጣ ልክ በልኩ ቀድታት ነበርና፣ ወፍራሙ ክር በቀጭኑ መስመር አልገባ አላት። አለቀሰች። ሁለተኛዋን ስትሠራ ያንቺን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ክሮቹን ብቻ እያየች፣ ትንሽ እየሞረደች፣ እየለካች ጨረሰቻት።

ትናንት ከኮሌጅ ይዛው መጣች። መኝታ ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከቁምሣጥኑ መስታወት ፊት ተቀምጣ ቃኘችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እሑድ ማለዳ አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ ስትለማመጂ፣ ትራሱ ላይ ሆኜ የማየው ጀርባሽንና መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ምሕረትን ነበር። የመስታወቷ ምሕረት ጊታር የምትይዘው በግራዋ ነው። ትናንት ያቺ ሴት ከመስታወቱ ወጥታ አልጋችን ላይ የተቀመጠች መሰለኝ። ጥፍርሽ ያሳሳው ቦታ ከክሮቹ በላይ ሆኖ፣ በመስኮቱ የገባው ብርሃን አርፎበት ነበር።

ከዚያ መምታት ጀመረች። አመታቷ ያንቺንም የታደሉንም አይመስልም። ትቸኩላለች፣ ትሳሳታለች፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ትነሳለች። እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አልመጣሽም። ጠበቅኩ፤ አልመጣሽም። ስከፍተው ልጅሽ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ክሩ ላይ አጎንብሳለች፤ ልክ እንደ ራሷ። ከፍቼው ቆየሁ።

ማታ ታደሉ ወሬውን ሰምታ መጣች። ልትሞክረው አንስታ ጣቶቿ ተምታቱባት። «ይቺ ልጅ ከሥራ አስወጣችኝ እኮ» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ሊዲያ አጠገብ ተቀምጣ መዝሙሩን በቃል ታስጠናት ጀመር።

ጥር ላይ ጓደኞችሽ ሲመጡ የምትመታው ሊዲያ ናት። እስከዚያ ካላወቀችው የቻለችውን ትመታለች። ያቺ ግማሽ ሰዓት ግን ሄዳለች፤ የተመለሰች አስመስዬ ልጽፍልሽ አልፈልግም። ይልቅስ ይህን ቃል ልስጥሽ፦ ከእንግዲህ የማስታውስሽ ቀን ጠብቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም። ሚዛኑ ላይ ቆሜ፣ ከአሽከርካሪ ጋር ስከራከር፣ ጉም ውስጥ ስነዳ፣ ልጅሽ ስትሳሳት እየሰማሁ አስታውስሻለሁ። በዚህ ቃሌ ዋጋ አልቀንስም።

ነገ በጠዋት ወርቃ እሄዳለሁ፤ ከማጠቢያ ጣቢያው የቡና ናሙና ማየት አለብኝ። ስመለስ ለሊዲያ ትርፍ ክር መግዛት፤ ቀጭኑን።